የለቀስተኛ ወንበር

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ከደብረ ታቦር ከተማ ዳር በተሠራው አዲሱ መነኻሪያ ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ወደ ባሕር ዳር የምሄደው ለትምህርት ነው። ዕድሜዬን በሙሉ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቅዳሜና እሑድ የዲግሪ ትምህርት ጀምሬአለሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን መንግሥት የመንገድ መጨናነቅን ለመቀነስና የሕዝብ ትራንስፖርትን ለማሻሻል ስለ ወሰዳቸው እርምጃዎች፣ በየአካባቢያችን ያየነውን ጽፈን እንድንመጣ አዘውናል። እኔም ስለ አሁኑ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ባጃጆች በቀጠና ተከፍለው ቁጥር ስለ መለጠፋቸው፣ ትኬት በስልክ ስለ መቆረጡ፣ መነኻሪያው ከገበያው ስለ መራቁ። ነገር ግን ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት መጥታ ከወረፋው ጫፍ ቆመች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው። ከፊቷ ያሉት ወጣቶች ዞር ብለው አዩዋትና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። በዚያው ቅጽበት ከአንዱ አውቶቡስ የናፍጣ ጢስ ነፈሰ። ከጎኔ የቆመው የጉና ሰው ዝናብ የመታው ደበሎ ለብሷል፤ የናፍጣውና የደበሎው ሽታ ሲቀላቀል፣ ያሰብሁት ጽሑፍ ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ከርእሱ ወጥቼ ከሆነ መምህሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በልጅነቴ ደብረ ታቦር መነኻሪያ አልነበራትም። አውቶቡስ የሚቆመው ከገበያው አፋፍ፣ ከአያ ሰይድ ሱቅ ፊት ለፊት ነበር። አያ ሰይድ በወፍራም ክር የተጠገነ መነጽር የሚያደርጉ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው ጋዝና ሳሙና ይሸታል፤ ከበሩ በላይ ኮንጎ ጫማ በሲባጎ ተሰክቶ እንደ ቋንጣ ይንጠለጠላል፤ ከመደርደሪያው ላይ ያለው ራዲዮ ማርሽ ሲያሰማ ይውላል። ተሳፋሪው ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አንድ ሻይና ፓስቲ በስሙኒ እየበላ ይጠብቃል። አሁን ፓስቲ የሚሸጥበት ዋጋ ትዝ ሲለኝ ስሙኒዋ ራሷ ናት የምትናፍቀኝ፤ መዳፍ ላይ ስትቀመጥ ትከብድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ያ አፋፍ ጉድ ይሆናል። ከገሳይ የመጣ እህል የጫነ አህያ፣ ከጉና የወረደ በግ፣ በርበሬ፣ ማገዶ፣ ጭድ ሁሉ መንገዱ ላይ ነው። አውቶቡሱ ክላክሱን እየነፋ መሐላቸው ይገባና ይቀረቀራል። ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ቆሞ ይሳደባል፤ ባለ በቅሎው ከታች ሆኖ ይመልስለታል። ጠንካራ ክንድ ያለው በመስኮት ይገባል፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ይቀራል። አንድ ጊዜ አህያ ደንብራ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከጎማ ሥር ልትገባ ለጥቂት ተረፈች። የዚያን ዕለት ሰው ሁሉ «ኧረ መንግሥት የለም ወይ?» ሲል ትዝ ይለኛል።

መንግሥት ነበረ፤ መጣም። ዓመቱን በትክክል አላስታውስም፤ ዘመቻውም ስብሰባውም ብዙ ስለ ነበር ይቀላቀልብኛል። የማስታውሰው ክረምት ወጥቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ቀበሌ አዳራሽ መጠራታችንን ነው። ከአውራጃ የመጡ አንድ ሹም መመሪያውን አነበቡ። ከእንግዲህ አውቶቡስ ገበያ ውስጥ አይቆምም፤ በቆርቆሮ የታጠረ መነኻሪያ ተሠርቷል። የጋማ ከብት በገበያ ቀን ዋናውን መንገድ አይረግጥም፤ ከጋፋት በኩል ይታሰራል። ትኬት ከመነኻሪያው መስኮት እንጂ ከረዳት እጅ አይገዛም። ሁሉም በተራው ይሰለፋል። ቆሞ መሄድ፣ መንገድ ላይ መሳፈር ክልክል ነው፤ የጫነ ሹፌር ይቀጣል። ሰው አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር መልካም ሥርዓት ነበር፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተነሡ። «ጌታው፣ ያሉት ሁሉ መልካም ነው» አሉ። «ለቀስተኛውስ? ዘመዱ የሞተበት ሰው ይሰለፋል? ቀብሩ ይጠብቀዋል?»

አዳራሹ አጉረመረመ። በእኛ አገር ነጠላውን ዘቅዝቆ የመጣ ሰው ማንንም ሳይለምን ከፊት ያልፋል። በዚያ የመስኮት ግብግብ እንኳ ጎረምሳው ሁሉ ለለቀስተኛ መንገድ ይለቅ ነበር። ሹሙ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ከሹፌሩ ኋላ ያሉት ሁለት ወንበሮች ለለቀስተኛ ይያዙ። ሌላ ሰው አይቀመጥባቸውም። በመመሪያው ይግባ» አሉ። ይህን ጊዜ ጭብጨባው ከፊተኛው በለጠ።

ያላሰብነው ነገር ግን ነበረ። ሞት በየቀኑ አይመጣም። ለቀስተኛ በሌለ ቀን ሁለቱ ወንበሮች ባዶአቸውን ይሄዱ ጀመር። የመነኻሪያው ተቆጣጣሪ ጓድ ፈለቀ የሚባል፣ ካኪውን በደንብ የሚተኩስ ወጣት ነበር። መጀመሪያ ላይ አዝኖ ከተሰላፊው ሰው ጠርቶ ሊያስቀምጥባቸው ሞከረ። ማንም እሺ አላለውም። «በቁሜ ታሟርትብኛለህ?» እያለ ሁሉም ሸሸ። የለቀስተኛ ወንበር ላይ በደኅና ቀን መቀመጥ ሞትን ቤት መጥራት መሰለን። በኋላ አንድ ነጋዴ ነጠላ ዘቅዝቆ ተሳፍሮ ወረታ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ታየ። ነገሩ ከአውራጃ ድረስ ተሰማና ጓድ ፈለቀ ክፉኛ ተገሠጸ። ከዚያ ወዲያ ደንቡ ጠነከረ። ለቀስተኛ ነኝ ያለ የሞተበትን ሰው ስም ይናገራል፤ ከተሰላፊው መሐል አንድ ሰው ይመሰክርለታል። ምስክር የሌለው አይገባም። ውሸት ከሆነ ምስክሩም ይጠየቃል።

እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ስንዱ ናት። እቴቴ እላታለሁ። ቤቷ ከአያ ሰይድ ሱቅ በስተጀርባ ነበር። ባሏ አበጀ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ብዙ ክረምት አልፏል። መጀመሪያ ሰላምታው ይደርሰን ነበር፤ ኋላ ጠፋ። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። ዘመዶቹ በየጊዜው እየመጡ «ስንዱ፣ ቁርጡን ይዘሽ ብታለቅሽ ይሻልሻል፤ ገና ወጣት ነሽ» ይሏታል። እሷ ትነሣና ሌላ ሥራ ትጀምራለች። ጋቢው ከግድግዳው ላይ ካለው ችንካር አይወርድም ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ታወርደውና በእንዶድ አጥባ ታሰጣዋለች። እኔ ከጫፉ ይዤ እጨምቃለሁ። «ሲመጣ ይበርደዋል» ትለኛለች፤ ሌላ ምንም አትልም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስሁበት ዓመት ስሜ ጎንደር ላለው የመምህራን ማሠልጠኛ ወጣ። ነገር ግን ስም ዝርዝሩ ደብረ ታቦር ሲደርስ ምዝገባው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። በማግሥቱ መነኻሪያ ሄድን፤ ሳይደርሰን ሞላ። የቀረን አንድ የጉዞ ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ ማግሥት እስከ እኩለ ቀን ያልተመዘገበ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተብሏል። በእግር ለመሄድ ሩቅ ነው፤ መንገድ ላይ የሚጭን ሹፌር ከደንቡ ወዲህ የለም። ስለዚህ በዚያ ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጣን። እቴቴ ከቴትሮን ያሰፋችልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ፣ የቆርቆሮ ሳጥኔን በእጄ ይዤ፣ ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት ጡቴ ሥር ደብቄአለሁ። ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር። ከፊታችን ድንች በጆንያ የያዘ የጉና ሽማግሌ ቆሟል።

«አንቺ ልጅ፣ ሳጥንሽን አንሽው፤ ድንቼን ተጫነው።»

«ድንቹም ይሰለፋል እንዴ አባባ?»

«ከአንቺ ቀድሞ ነው የመጣ! ተራውን አትቀሚው» አለኝ። ሰው ሳቀ። እቴቴ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር።

መስኮቱ ተከፈተ። ሰልፉ እየተገፋ ሄደ። አያ ሰይድ ለሱቃቸው ዕቃ ሊያመጡ ኖሮ ከእኛ ጥቂት ኋላ ቆመው አየኋቸው። የድንቹ ሽማግሌ ደረሰውና ጆንያውን እየጎተተ ገባ። ቀጥሎ እኛ ነን። እጄን ወደ መስኮቱ ስዘረጋ የእንጨት መዝጊያው ወረደ።

«ሞልቷል! የቀራችሁ ነገ!» አለ ከውስጥ ያለው።

እቴቴ ወደ በሩ ሄደች። ጓድ ፈለቀ እዚያ ቆሞ ትኬት ይቀድዳል።

«ጓድ፣ ይቺ ልጅ ጎንደር ልትመዘገብ ነው። ነገ ይዘጋል። ዛሬ ካልሄደች ቀረች።»

«እህቴ፣ ወንበር የለም። ሕግ ነው፤ አንድ ሰው አስቁሜ ብልክ ኬላው ላይ ይይዙኛል።»

«ያ ባዶው ምንድን ነው?» በበሩ ክፍት ሁለቱ ወንበሮች ይታያሉ።

«የለቀስተኛ ነው።»

«ለቀስተኛ የለማ!»

«እንግዲያው ባዶውን ይሄዳል።»

«ሰው ካልሞተ ወንበር የለም በለና!» አለ ከሰልፉ አንዱ። ጥቂቶች ሳቁ። ጓድ ፈለቀ ፊቱን አጠቆረ። «እኔ ወድጄ አይደለም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ባለፈው በእናንተው ምክንያት ልባረር ነበር።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ያ ጥቁር ጢስ በላያችን አለፈ። ሳጥኔን መሬት አስቀምጬ ቆምሁ። ከዚህ በኋላ የሚጠብቀኝን አውቀው ነበር፤ ከዓመት ዓመት ከገበያ ሽንኩርት መቸርቸር፣ ከዚያም ላየኝ ለጠየቀኝ መዳር። እቴቴ ወደ እኔ አየች፤ ወደ ወንበሮቹ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ገለበጠችው። ጥለቱ ከታች ተነሥቶ አንገቷ ላይ ሆነ።

«እንግዲያው ልናገር» አለች። «ልጅቱ ሳትሰማ ትመዝገብ፣ ኋላ መርዶዋን ትስማ ብዬ ነው የደበቅሁት። ባሌ ሞቷል። አበጀ ሞቷል።»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ አውቃለሁ፤ ሰው ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰማ፣ ሥራውን ሳይጨርስ እንዳይሰማ ይደበቃል። ስለዚህ አመንኋት። ሳጥኔ ላይ ተደፍቼ «ወየው ጋሼ አበጀ!» ብዬ ጮኽሁ። ሰልፉ ውስጥ ያሉ ሴቶች እየመጡ ያዙኝ።

ጓድ ፈለቀ ግን አንድ እርምጃ ቀረባት። ድምፁ ተለወጠ። «ወታደር ነበር አይደል? የወታደር መርዶ በቀበሌ በኩል ነው የሚመጣ። ለአንቺ ማን ነገረሽ?»

«መንገደኛ።»

«ስሙስ?»

ይዘውኝ የነበሩት ሴቶች እጃቸው ላላ። በዚያ ዘመን ከግንባር የመጣ ወሬ ማውራት ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። አሉባልታ ይባላል፤ በአሉባልታ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ከእቴቴ አጠገብ የነበረው ሰው ቀስ እያለ ሲርቅ፣ መሐል ላይ ብቻዋን ቀረች።

«ስሙን አልጠየቅሁትም» አለች። «ባልሽ ሞቷል የሚልን ሰው፣ ስምህ ማነው ይሉታል እንዴ?»

ጓድ ፈለቀ ሰልፉን በዓይኑ ዞረው። «ምስክር አለ? ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ?»

ከሰልፉ የወጣ የለም። ሞተሩ ብቻ ይንገጫገጫል። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ «ኧረ ልሂድ!» አለ። እቴቴ መሬት መሬት ታያለች፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠመጠመች ትፈታለች። ሐዘን መስሎኝ ነበር።

«እኔ አለሁ» አለ አንድ ድምፅ። አያ ሰይድ ከሰልፉ ወጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አያ ሰይድ፣ ያውቃሉ?» አላቸው ጓድ ፈለቀ። «ይጠየቁበታል እኮ።»

«ጎረቤቷ ነኝ። አበጀ የሄደ ዕለት ከእኔ ሱቅ ደጃፍ ነው የተሳፈረ። ይቺ ሴት ያንን ሁሉ ዓመት፣ ዘመድ አዝማድ ልበሺ እያላት ጥቁር አልለበሰችም። ዛሬ ነጠላዋን ከዘቀዘቀች እውነት ነው። ካልሆነ እኔን ጠይቀኝ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አላህ ያጽናሽ እህቴ።»

እቴቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ጓድ ፈለቀ ባርኔጣውን አነሣ፤ ከበሩ ዞር አለ። «ግቡ» አለ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

በሁለቱ ወንበሮች ተቀመጥን። ሹፌሩ ሲያሰማ የነበረውን የካሴት ዘፈን አጠፋ። ከኋላችን የድንቹ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ነካኝ። «ልጄ፣ በድንቹ የተናገርሁሽን ይቅር በይኝ፤ አላወቅሁም» አለኝ፤ የባሰ አለቀስሁ። ከከተማው መውጫ ካለው ኬላ ስንደርስ ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ ወጥቶ ተሳፋሪውን መቁጠር ጀመረ። ከፊታችን ቆመ።

«ለቀስተኞች ናችሁ? ማን ነው የሞተ?»

«ባሌ» አለች እቴቴ።

«ምን ሆኖ?»

«ወታደር ነበር። ሰሜን።»

ዘበኛው እጁ የይለፍ ወረቀቴ ላይ እንዳለ ቀረ። ደጋግሞ አያት፤ ከዚያ ወረቀቱን ሳይከፍት መለሰልኝ። «የእኔም ታላቅ ወንድም እዚያ ነው» ብሎ ወረደ። ሰንሰለቱ ዝቅ አለ።

መንገዱን ሁሉ አንዲት አሮጊት እቴቴን ሲያጽናኑ ሄዱ። መልኩ እንዴት እንደ ነበር፣ ጠባዩ እንዴት እንደ ነበር ይጠይቋታል። እሷ መጀመሪያ በአጭሩ ትመልስ ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ማንም ሳይጠይቃት ትናገር ጀመር። ቀይ እንደ ሆነ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚይዝ፣ ሰርጋቸው ዕለት ዝናብ መጥቶ ዳሱን ሲያፈርሰው እሱ ብቻ ሲጨፍር እንደ ቀረ። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ስለ እሱ እንዲህ አውርታልኝ አታውቅም።

የጎንደር መንገደኛ መኪና የሚለውጥባት ወረታ ሙቀት ነው። ከአውቶቡሱ እንደ ወረድን እቴቴ እጄን ይዛ ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ወሰደችኝ።

«አታልቅሽ» አለችኝ። «አልሞተም። ምንም የመጣ ወሬ የለም። ሌላ መላ አጣሁ።»

ክው አልሁ። ልስቅም ላለቅስም አልቻልሁም። «እቴቴ፣ ታዲያ ነጠላሽን አስተካክይው!» አልኋት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። እጄን ወደ ጥለቱ ሰደድሁ። እጄን ያዘችኝ።

«እዚህ ያየኛል ሰው። አያ ሰይድ ላይ ጣጣ አመጣለሁ። ከቤቴ ስደርስ እመልሰዋለሁ» አለች። ከባሕር ዳር የሚመጣ የጎንደር አውቶቡስ ፈልጋ አሳፈረችኝ። ከመስኮቱ ሳያት፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ እጇን ታወዛውዛለች። በማግሥቱ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ደርሼ ተመዘገብሁ።

ለፋሲካ ስመለስ ደጃፉ ላይ በጥቁር ቀሚስ አገኘኋት። ጠጉሯ ተላጭቶ እንደ ገና አቆጥቁጧል። ገብቼ ከግድግዳው ስመለከት ችንካሩ ባዶ ነው።

«ጋቢውስ?»

«ለንስሐ አባቴ ሰጠሁት» አለች። የሟች ልብስ የሚሰጠው ለንስሐ አባት ነው።

ያን ምሽት ነገረችኝ። ወረታ አድራ በማግሥቱ ስትመለስ ከግቢዋ ድንኳን ቆሟል። አያ ሰይድ እኛ በሄድንበት በዚያው ጠዋት ሱቃቸውን ዘግተው፣ ለዕድሩ ተናግረው፣ ለአበጀ ዘመዶች ገሳይ ድረስ ሰው ልከው ነበር። ብቻዋን ገብታ ባዶ ቤት እንዳትቀመጥ ብለው ነው።

«ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ» አለችኝ። «ውሸቴን ነው፣ ሂዱ ልል። ከፊት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ የሙስሊሙ ሰው ሁሉ ከጎናቸው። ጓድ ፈለቀም መጥቶ ጥግ ላይ ቆሟል። አንድ ቃል ብናገር ነገ የሚወስዱት እሳቸውን ነው። ዝም አልሁ። ከዚያ የአበጀ እህት ከደጅ እየጮኸች ገባችና አንገቴን አቀፈችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀስሁ። ማስመሰል አልነበረም ያ። አንዴ ከጀመርሁ ማቆም አቃተኝ፤ ለካ ያ ሁሉ ዓመት ተከማችቶ ኖሯል።» እጇን ጥቁር ቀሚሷ ላይ አሳለፈች። «በውሸት ለበስሁት፣ ልጄ። ስለብሰው ልኬ ሆኖ ተገኘ።»

«ቢመጣስ?» አልኋት።

ወደ ባዶው ችንካር አየች። «ቢመጣማ» አለች፤ «ጋቢውን ከንስሐ አባቴ እለምናለሁ።»

ዓመታት አልፈው መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ወታደሩ ትጥቁን ፈትቶ በእግሩ ይመለስ ጀመር። እኔ ያን ጊዜ መምህር ሆኜ እዚያው ደብረ ታቦር ተመድቤ ነበር። በገሳይ በኩል፣ በወረታ በኩል፣ ጫማ ያለውም የሌለውም፣ ቀንና ሌሊት ያልፋል። እቴቴ በእንስራ ውኃ እየያዘች መንገድ ዳር ትቆማለች። ለሁሉም ታጠጣለች። አንዱንም አበጀን አየኸው ወይ ብላ አልጠየቀችም። የእያንዳንዱን ፊት ግን እስኪያልፍ ድረስ ታይ ነበር። አልመጣም። የመጨረሻዎቹ ካለፉ በኋላ እንስራዋን ይዛ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ ዳር አልወጣችም። ያንን የቆርቆሮ አጥር አፍርሰው መነኻሪያውን ሲያስፋፉት፣ ኋላም ወደ ዳር ሲያወጡት፣ አየች። ወንበሮቹ መቼ እንደ ቀሩ ግን እሷም እኔም አላስታወስንም። ደንቡን የሻረው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እንዲያው ሰው እየረሳው ሄደ። እሷም ካረፈች ሰንብቷል።

እንግዲህ ያለፈው ቅዳሜ እዚያ ወረፋ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስብ፣ ሰልፉ እየተገፋ ተራዬ ደረሰ። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ወንበር ነው የቀረው። ተራ አስከባሪው አንድ ጎረምሳ ነው፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል። «እማማ፣ ይግቡ» አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ሴትዮዋ አሁንም ጫፉ ላይ ናት። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠመጠመች ትፈታለች። ትምህርቴ ጠዋት ይጀምራል፤ ቀጣዩ መኪና መቼ እንደሚሞላ አይታወቅም።

ወጥቼ ሄድሁና ክንዷን ይዤ እስከ በሩ አመጣኋት። ከፊት የነበሩት ወጣቶች «ኧረ ተራ አለ እማማ!» አሉ። «የእኔን ነው የሰጠኋት» አልኋቸው። ሴትዮዋ ልትናገር ወደ እኔ ዞረች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የሟቹን ስም ልትጠራልኝ መሰለኝ። «ግድ የለም፣ ይግቡ» ብዬ ደገፍኋት። በሩ ተዘጋ።

ጎረምሳው ግራ ገብቶት አየኝ። «ዘመድዎ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ማን ሞቶባቸው ነው?»

«እሱ አይጠየቅም ልጄ» አልሁት፤ ወረፋው ጫፍ ሄጄ እሷ በቆመችበት ቦታ ቆምሁ።